ሶስና አፏን የፈታችበት ክረምት

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ታሪኩ የሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት ለሁለት ወር ወደ ናይሮቢ ቢሮው ሲመድበው፣ «ብቻዬን ከምከርም ለምን አብረን አንሄድም?» አለኝ። ታላቅ እህቱ እትዬ አስቴር ናይሮቢ ውስጥ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። «እኔ እያለሁ ሆቴል የሚል ቃል እንዳልሰማ» ብላ ቁርጡን ነገረችን። እኔ የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ስለሆንኩ ክረምቱን ክፍል አልገባም። ስለዚህ ሁለታችን፣ የሰባት ዓመቱ ናታንና አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሶስና ሻንጣችንን አሰናዳን።

እኔን ለመሄድ ያጓጓኝ ሌላም ነገር ነበር። ሶስና አትናገርም ነበር። ሁለት ዓመቷ ላይ «ማሚ»፣ «ውሃ»፣ «ናቲ» ትል የነበረች ልጅ ቀስ በቀስ ሁሉንም ተወችው። ጆሮዋን አስመረመርን፣ ጤነኛ ነው ተባልን። ሐኪሙ «ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ ጊዜ ስጧት» አለን። ቤታችን የሚመጣ ዘመድ ግን ጊዜ የለውም። በር ላይ ሳለ ጀምሮ «ስምሽ ማነው? እስኪ እማዬ በይ» ይላታል፤ እሷም ቀሚሴ ውስጥ ትደበቃለች። ናይሮቢ ብንሄድ ቢያንስ ጠያቂዋ ይቀንሳል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ያለፈ ተስፋ ሰንቄ አልሄድኩም።

ኤርፖርቱ

በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ናታን አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ደመና ሲያይ፣ ሶስና ደግሞ የወንበሩን ቀበቶ ስትከፍትና ስትዘጋ ደረስን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን አሳይተን ፓስፖርታችን ላይ ማኅተም ከተመታ በኋላ የመጀመሪያው ድንጋጤ ጠበቀኝ። ለእትዬ አስቴር ያዘጋጀሁትን በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ በየፌስታሉ ቋጥሬ ነበር። የጉምሩክ ሠራተኛዋ አንዱን ፌስታል በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ «ይህ እዚህ አገር ክልክል ነው» አለችኝ።

«በርበሬ ነው እኮ፣ ቅመም» አልኳት።

«በርበሬው ይግባ። ፌስታሉ ነው የማይገባው።»

ታሪኩን ዞር ብዬ አየሁት። እህቱ በስልክ ነግራው ነበርና ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ሽሮውን በትራስ ልብስ፣ ቆሎውን በናታን የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ በርበሬውን ደግሞ ያመጣነው የሻይ ፔርሙስ ውስጥ ገለበጥነው። ከኤርፖርት ስንወጣ አራታችንም እያነጠስን ነበር።

እትዬ አስቴር ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ከሩት ጋር ቆማ ጠበቀችን። ሩት ተወልዳ ያደገችው እዚያው ኬንያ ነው። አቅፋ ሳመችኝና «ዌልካም አንቲ። ሶሪ፣ ጃም ይዞን ነው የቆየነው» አለችኝ። ጃም የሚሉት የመኪና መጨናነቁን ነው። ወደ ቤት በምንሄድበት በሞምባሳ መንገድም ያው ጃም ይዞን ቆምን። ከመንገዱ ዳር ግራሮች ላይ፣ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ብቻ አውቀው የነበረው አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ ከመኪናዎቹ በላይ ክንፉን አጥፎ ቆሟል፤ አንዱ ከናታን ይበልጣል። ሶስና በመስታወቱ ስታየው አፏን ከፈተች። እኔም ልማድ ሆኖብኝ የምትለውን ጠበቅሁ። ምንም አላለችም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ኬንያ ሙቀት ነው ብዬ ለልጆቹ እጅጌ ጉርድ ልብስ ብቻ ይዤ ነበር። ናይሮቢ በዚያ ወር ፀሐይ የማይታይባት፣ ቀኑን ሙሉ የምትበርድ ከተማ ናት። በማግሥቱ ሩት ገበያ ወስዳኝ የልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ገብተን ሹራብ ስንመርጥ ዋልን። ከሹራቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ የጤፍ ዋጋ ነው። በአንጻሩ አቮካዶው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፣ ዋጋውም ለማመን ያስቸግራል። ልጆቹ ሩዝ፣ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣና አቮካዶ እየበሉ ከረሙ።

ማታቱ የሚባለው የከተማ ታክሲም ሌላ ጉድ ነው። ውጪው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ተስሎበታል፣ ውስጡ እንደ ጭፈራ ቤት ሙዚቃው ደረት ይደበድባል። ዝናብ ካካፋ ሂሳቡ እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ ቀን ስንሳፈር ናታን ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ሶስና ግን በሳቅ ፈነዳች። ሳቋ ብቻውን ብርቅ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያለ ጉዳይም ጭምር ማታቱ ላይ ይዣት መውጣት ጀመርኩ።

ታሪኩ ጠዋት ወደ ቢሮው ይሄዳል። ናታን ከትልልቅ ልጆች ጋር ኳስ ሜዳ ይውላል። ሶስናን ሩት ከፎቁ ሥር ወዳለው ግቢ ይዛት ትወርዳለች፤ እዚያ ከየአገሩ የመጡ ጎረቤቶች ልጆች ይጫወታሉ። እኔ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ከልጆቹ ኋላ ኋላ ትሮጣለች። እየሮጠች ከሆነ ደህና ናት እያልኩ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

እሁድ እሁድ እትዬ አስቴር ኢትዮጵያውያን ወደሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ትወስደናለች። በሦስተኛው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለጸሎት ታስቦ ሶስናን ወደ ፊት ጠሩልኝ። አንዲት ደግ እናት እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው እያለቀሱ ጸለዩላት። «ምላስሽ ይፈታ፤ በይ ሃሌሉያ በይ የኔ ልጅ» አሏት። ሰዉ ሁሉ ፀጥ ብሎ ጠበቀ። ሶስና መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንባዋ ወረደ። ብድግ አድርጌ ይዣት ወጣሁ። ውጪ፣ የመኪና ማቆሚያው ጋ፣ እትዬ አስቴር ተከትላ መጣችና «አይዞሽ ገነት፣ እግዚአብሔር በራሱ ጊዜ ይመልሳል» አለችኝ።

በረንዳው

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥቤ በረንዳው ላይ አሰጣ ነበር። ከታች የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ከድምፆቹ መሃል አንዱ ጎልቶ ወጣ፤ ጎርነን ያለ፣ ማዘዝ የለመደ የትንሽ ሴት ልጅ ድምፅ ነው።

«ሹካ! ሹካ!» ይላል።

በዚያ ሁሉ ስዋሂሊ መሃል የማውቀውን ቃል ስሰማ ሳቄ መጣ። ግቢ ውስጥ ሹካ የምትፈልገው የማን ልጅ ናት ብዬ አጎንብሼ አየሁ።

ሶስና ነበረች።

አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። በሌላኛው የትንሽ ቀይ ብስክሌት መሪ ይዛለች። ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ብራያን ነው፤ አምስት ዓመቱ ነው። «ሹካ! ኒ ዛሙ ያንጉ!» አለችው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየረገጠች። ብራያን እየተነጫነጨ ወረደ። እሷ ወጣችና ግቢውን መዞር ጀመረች።

ክው አልኩ። በእጄ የነበረው የናታን ሸሚዝ አምልጦኝ ታች ወደቀ። እናት የልጇን ድምፅ ከሺህ ልጅ መሃል ትለያለች ይባላል። እኔ የልጄን ድምፅ አላወቅሁትም።

ደረጃውን በባዶ እግሬ እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ብስክሌቱን አስቆምኩና ፊቷን በሁለት እርጥብ እጆቼ ያዝኩት። «ሶሲ፣ ምን አልሽ? እስኪ ድገሚው። ለማሚ ድገሚላት።»

አየችኝ። ከዚያ ከንፈሯን ገጠመችው። ቤተ ክርስቲያን ያየሁት መንቀጥቀጥ መጣ። ልጆቹ ሁሉ ጨዋታቸውን አቁመው ከበቡን። ብራያን ብስክሌቱን የምነጥቃት መስሎት ነው መሰለኝ፣ በእንግሊዝኛ «ተራዋ ነው፤ እኔ ወርጃለሁ» አለኝ። ሶስና ከብስክሌቱ ወርዳ ብቻዋን ደረጃውን ወጣች።

ያን ቀን ዳግመኛ ወደ ግቢው አልወረደችም። በማግሥቱም ሩት ጫማዋን ይዛ ስትጠራት ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች። እኔ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እየተመላለስኩ ራሴን ስበላ ዋልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተከፈተውን በር በእጄ መልሼ የዘጋሁት መሰለኝ።

ታሪኩ አላመነኝም። «ገኒዬ፣ ሌላ ልጅ ሰምተሽ ይሆናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ እኮ ነው።»

«በዓይኔ እያየሁ? አፏ ሲንቀሳቀስ?»

«አማርኛ ያልተናገረች ልጅ እንዴት አድርጋ ስዋሂሊ ትናገራለች?»

ለነገሩ እኔም ከቀኑ ገሚሱን ራሴን ስጠራጠር ነበር።

ማማ ብራያን

ሰኞ ጠዋት የብራያንን እናት ለማየት አንደኛ ፎቅ ወረድኩ። እዚያ አገር እናትን በልጇ ስም ይጠራሉ፤ ማማ ብራያን ይሏታል። ባንክ ነው የምትሠራው፤ በዚያ ሰሞን እረፍት ላይ ነበረች። በር ላይ እንደቆምኩ፣ ልጄ ስትናገር ሰምታ ታውቅ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ሶስና? ሶስና እኮ ናት ልጆቹን የምታዛቸው። ቀን ቀን እዚህ እየመጣች ቻፓቲ ጨምሪልኝ ትለኛለች። በጣም ቆንጆ ስዋሂሊ ነው የምትናገረው። ቤት ውስጥ እናንተ ያስተማራችኋት መስሎኝ ነበር።»

የበሩን ጠርዝ ያዝኩ። ክንዴን ይዛ አስገባችኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዩን ሳልነካው አለቀስኩ። ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ከእኔ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ተነጋግራ አታውቅም፤ ለዚች ሴት ግን ቻፓቲ ጨምሪልኝ ትላለች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት። «ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

«ምንም አልጠየቅኋትም። ከልጆቹ ጋር መጣች፣ አብራ በላች።»

ወደ ላይ ስወጣ ሩት ቁርስ ላይ ነበረች። «ሹካ» ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ውረድ ማለት ነው» አለችኝ። «ኒ ዛሙ ያንጉ፣ ተራዬ ነው።»

«ሶስና ስዋሂሊ እንደምትናገር ታውቂ ነበር?»

«የስ አንቲ። ከእኔ ጋር ታወራለች እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አትናገርም እያልን ስንጨነቅ፣ ስናስጸልይ እያየሽ?»

ሩት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በአማርኛ አትናገርም ያላችሁ መስሎኝ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔንም እኮ ሐበሻ ሁሉ አትናገርም ነው የሚለኝ።»

ለሁለተኛ ጊዜ ክው አልኩ። ናታንን ጠራሁት። እሱማ ትከሻውን ሰብቆ፣ «ታወራለች። እኔ ስዋሂሊ ስለማልችል ምን እንደምትል አላውቅም» ብሎ ኳሱን ይዞ ሄደ። በቤቱ ውስጥ ያልሰማነው ታሪኩ፣ እኔና እትዬ አስቴር ብቻ ነበርን። እትዬ አስቴር ስትሰማ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ «ጸሎታችን ተሰማ» አለች። ሩት «ማሚ፣ ከጸሎቱ በፊትም እኮ ታወራ ነበር» ስትላት፣ እትዬ አስቴር ቅር ሳይላት «እግዚአብሔር በስዋሂሊም ይመልሳል» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁላችንም ቃል ተገባባን። ማንም ሶስናን ተናገሪ አይላትም። ስትናገርም ማንም አያጨበጭብም። ለታሪኩ ይህ ከባድ ሆነበት። ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ሥር ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ እየተቀመጠ ድምፅዋን ይሰርቅ ጀመር። እንዲያ ሆኖ በመጀመሪያው ምሽት ስንቴ ዓይኑን እንደጠረገ ያየሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሩትን «አስተምሪኝ» አልኳት። አማርኛ የማስተምር ሰው፣ ወጥ ቤት ቆሜ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሥር ማጂ ውሃ፣ ኩጃ ና፣ አሳንቴ አመሰግናለሁ እያልኩ ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ሶስና ሦስት ቀን ቆይታ ጫማዋን ራሷ ይዛ ወደ ሩት መጣች። ወደ ግቢው ወረደች። በረንዳው ላይ አልወጣሁም።

ከኢምባካሲ ስንመለስ

ልንመለስ ጥቂት ሲቀረን አንዲት የእትዬ አስቴር ወዳጅ ኢምባካሲ ለምሳ ጠራችን። ኢምባካሲ ኤርፖርቱ አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላን በየደቂቃው ከጣሪያው በላይ ያልፋል፤ ናታን እህል የሚባል ነገር ሳይቀምስ በመስኮቱ ተሰቅሎ ዋለ። እትዬ አስቴር እዚያው ስለቆየች እኔ ልጆቹን ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ።

ማታቱው ሞልቶ ነበር። ሶስናን ታቅፌ ናታንን ጉልበቴ መሃል አቆምኩት። ሳውዝ ሲ የምንወርድበት ፌርማታ ሲደርስ በእንግሊዝኛ አቁሙልኝ አልኩ። በሙዚቃው የሰማኝ የለም። ደግሜ ጮህኩ፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውጪ ያያል። ፌርማታውን ልናልፈው ነው፤ መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው የሚበር፣ ሁለት ሕፃን ይዤ ቀጥሎ የት እንደሚያወርደን አላውቅም።

ጭኔ ላይ የነበረችው ሶስና ቀጥ አለች። «ሹኪሻ!» አለች ወደ በሩ። ተሳፋሪዎቹ መውረድ ሲፈልጉ የሚሉት ነው፤ አውርደን ማለት ነው።

ረዳቱ ዞሮ አያት፣ ሳቀ፣ ጣሪያውን በመዳፉ ሁለቴ መታ። መኪናው ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ እየሳቀ መንገድ ለቀቀልን።

መንገዱ ዳር እንደቆምን ወደ ላይ አየችኝ፤ ምን ልትል ነው ብላ የምትጠብቀኝ ትመስል ነበር። ላቅፋት፣ ልስማት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ላለቅስ ፈለግሁ። ሩት ያስተማረችኝን አንድ ቃል ብቻ መረጥኩ።

«አሳንቴ» አልኳት።

«ካሪቡ» አለችኝ፣ ምንም አይደል እንደማለት። እጄን ይዛ ወደ ሰፈራችን ትጎትተኝ ጀመር።

ከልጄ ጋር የተነጋገርነው የመጀመሪያው ንግግር ይኸው ነው። ናታን «ማሚ፣ ምን አላችሁ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ወደ ቤት

የመመለሻው ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። አዲስ አበባ ስንገባ የምታዋራው ታጣና ተመልሳ ዝም ብትልስ? ታሪኩን እዚሁ እንቅር እስከማለት ደርሼ ነበር። በመጨረሻው ጠዋት ብራያን ቀዩን ብስክሌት እስከ መኪናችን ድረስ እየገፋ መጥቶ ሸኛት። ሁለቱ ተያይዘው ምን እንደተባባሉ ሩት ልትተረጉምልኝ ስትል ተይው አልኳት።

ቦሌ ስንደርስ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ቤት እናቴ ዳቦ ጋግራ ጠበቀችን። ገና ከበር ሶስናን አቅፋ «ነይ እስኪ፣ ይቺን ቅመሺልኝ» ብላ አንድ ቁራሽ ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሲታኪ» አለች ሶስና።

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። በስልክ ነግሬያት ነበር፤ መስማት ግን ሌላ ነው። «ምን አለችኝ?»

«አልፈልግም ነው ያለችሽ፣ እማዬ።»

ዳቦውን እንደያዘች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «እሰይ» አለች። «አትፈልግ። እንዲህ እየተናገረች ሁሉንም ትተወው።»

ትንንሽ ልጆች ይዞ ናይሮቢ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ብዙ አይደለም። ፌስታል አይያዝ፣ ሹራብ ይያዝ፣ ዝናብ ሳይመጣ ማታቱ ይሳፈር። ከዚህ ሌላ እኔ የተማርኩት ለመናገር ቀላል፣ ለመኖር ግን አሁንም የሚከብደኝ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ። አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚባለውን ነገር ለዓመታት ሳስተምር ኖሬአለሁ። አፍ የሚፈታው ቋንቋው ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት ሳውዝ ሲ ግቢ ውስጥ ነው።

ከተመለስን በኋላ ቤታችን ውስጥ የእኔ ስዋሂሊ ብቻ ቀረ። ሩት በስልክ እየላከችልኝ ያጠናሁትን ይዤ ከሶስና ጋር እንደነገሩ እንግባባለን። አንድ ከሰዓት ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ፣ እሷ ወለሉ ላይ ድስት ገልብጣ እየተጫወተች ሳለ ጠማኝ።

«ሶሲ፣ ኒፓ ማጂ» አልኳት። ውሃ ስጪኝ ማለቴ ነው።

ጨዋታዋን አቁማ ቀና አለች። ግንባሯን ቋጠረች፤ መታገሥ ያቃታት ትመስላለች።

«ማሚ፣ ኒፓ አይባልም» አለችኝ በጠራ አማርኛ። «ኒፔ ነው የሚባለው።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ፊቴን እንደነበረ ለማቆየት ታገልኩ።

«ኒፔ ማጂ» አልኩ አስተካክዬ።

ተነሣችና ብርጭቆ ፍለጋ ሄደች።